ለኪውን ማን ለካው? ስለ ኔትወርክ መፈተኛ ፕሮግራሞች የጊዜ አጠባበቅ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ተዘግቶ ወደየቤታችን በገባን ጊዜ፣ ከቦረና፣ ከወግዲና ከሳይንት የሆንን ጥቂት ተማሪዎች መካነ ሰላም ላይ ተገናኝተን አንድ አቤቱታ ለመጻፍ ተስማማን። የአቤቱታው ነገር ለዚያ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። ልጇ ጅዳ ወይም ቤይሩት ለሥራ የሄደችባት እናት ማታ ማታ በኢንተርኔት ስልክ ልታነጋግራት ትቀመጣለች። ሰላምታው እንደ ደንቡ ይጀመራል፤ «እንዴት ነሽ ልጄ፣ ደኅና ነሽ ወይ» እስኪባል ድረስ ደግ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፤ ቃሉ ከመካከሉ ይቆረጣል፤ እናቲቱም ስልኩን ከግራ ጆሮዋ ወደ ቀኝ ጆሮዋ እያዛወረች «አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ» ትላለች። ልጂቱ ከሥራዋ ሰርቃ ያገኘቻት ደቂቃ «ድገሚልኝ» በመባባል ታልቃለች።

እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነንና «መስመሩ ይቆራረጣል» ብለን ብቻ መጻፍ አልወደድንም። ቁጥር ያለበት አቤቱታ የበለጠ ይሰማል አልን። ስለዚህ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተል አንድ ወዳጃችን አጭር ፕሮግራም ጻፈልን። ፕሮግራሙ መካነ ሰላም ካለው አሮጌ ላፕቶፓችን በየ20 ሚሊ ሰኮንዱ አንዲት ትንሽ ፓኬት ይልካል፤ አዲስ አበባ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር ደግሞ እየተቀበለ፣ በአንዷና በተከታይዋ መካከል ስንት ሚሊ ሰኮንድ እንዳለፈ ይመዘግባል። ሚሊ ሰኮንድ የሰኮንድ አንድ ሺሕኛ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። 20 የተባለበትም ምክንያት በኢንተርኔት የሚሄድ ንግግር ብዙውን ጊዜ በ20 ሚሊ ሰኮንድ እየተቆረጠ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ደብዳቤ አድራሻ ተጽፎበት በየራሱ ፓኬት ስለሚላክ ነው። እንግዲህ መስመሩ ደኅና ከሆነ በመዝገቡ ላይ 20፣ 20፣ 20 እየተባለ መጻፍ አለበት።

የመጣው ግን ሌላ ነበር፤ 31፣ 16፣ 15፣ 31፣ 16፣ 16፣ 15። ደስ አላለንም ብንል እንዋሻለን፤ የምንፈልገው ማስረጃ ይኸው ነበረና። «በመስመሩ ላይ የሚታየው መዛባት ከ10 ሚሊ ሰኮንድ በላይ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በአቤቱታው ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ሰፈረ። በሦስተኛው ማታ ከመካከላችን አንዱ ቁጭ ማለቱ ሰለቸውና በዚያው ላፕቶፕ ላይ ዘፈን ከፈተ። ወዲያው አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችን ደውሎ «መስመሩ ተሻሻለ፣ ምን አደረጋችሁ?» አለን። ዘፈኑን ስንዘጋው 15ና 31 ተመለሰ። ስንከፍተው 20፣ 20፣ 21፣ 19 ሆነ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ያን ሁሉ ተራራና ገደል አልፎ አዲስ አበባ የሚደርስ መስመር ዘፈን ይወዳል ብለን ሳቅን፤ ነገር ግን ሳቃችን ቶሎ ቀዘቀዘ። አቤቱታው በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከሥሩም የኛ ፊርማ።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያን ማታ የሆነውን ነገር ለማስረዳት ነው። እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም፤ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ነገሩን ሲያስረዱን ብዙ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ይሁንና ዛሬ በየመስኩ በኮምፒዩተር የተለካ ቁጥር ይዞ የሚከራከር ሰው በዝቷልና፣ ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አይመስለንም።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች ለምን ያስፈልጋሉ? አንድ ድልድይ ከመከፈቱ በፊት ከባድ መኪና እንደሚነዳበት ሁሉ፣ አንድ የኔትወርክ መስመርም ሰው ሠራሽ ጭነት እየተላከበት ይፈተናል። ጭነቱን የሚሠራው ፕሮግራም የፍሰት አመንጪ ይባላል። ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩ ልዩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ለሀብታም ኩባንያዎችና ለትልልቅ ቤተ ሙከራዎች እንጂ ለኛ አይሆንም። ፕሮግራሞቹ በነጻ ይገኛሉ፤ በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ይሠራሉ። በዓለም ላይ ከታወቁት መካከል በአሜሪካ የተጀመረው አይፐርፍ፣ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ምርምር ቤተ ሙከራ የሠራው ኤምጄን፣ በጣልያን አገር በናፖሊ ፌዴሪኮ ሁለተኛ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ዲ-አይ-ቲ-ጂ ይገኛሉ። የኛ ወዳጅ የጻፈው ባለ ሠላሳ መስመር ፕሮግራም የነዚህ ትንሽ የወንድም ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከአመንጪው የሚጠበቁት ነገሮች ሁለት ናቸው፤ መጠንና ጊዜ። «በሰኮንድ ይህን ያህል ላክ» የሚለው መጠን ነው፤ «አንዷን ከሌላዋ ይህን ያህል አራርቀህ ላክ» የሚለው ጊዜ ነው። ብዙ ሰው መጠኑ ከተስተካከለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ እኛም እንዲሁ ይመስለን ነበር። ይህ ስሕተት መሆኑን ግን ወፍጮ ቤት ተልኮ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ወፍጮ የአንድን ሰው እህል በአንድ ደቂቃ ይፈጫል እንበል (እንዲህ ያለ ፈጣን ወፍጮ በአገራችን እንዳላየን እናምናለን፤ ለሒሳቡ ነው)። ጊዜው ክረምት ስለሆነ ውጭ መቆም አይቻልም፤ በረንዳው ደግሞ የሚያስጠልለው አራት ሰው ብቻ ነው፤ ቦታ ያጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በየደቂቃው አንድ ሰው ቢመጣ ማንም አይጠብቅም፣ ማንም አይመለስም። ዐሥር ሰዎች በየዐሥር ደቂቃው ባንድ ላይ ቢመጡ ግን የአንዱ ይፈጫል፣ አራቱ በረንዳው ላይ ይጠብቃሉ፣ አምስቱ ይመለሳሉ። በሁለቱም መንገድ በአማካይ በደቂቃ አንድ ሰው መጥቷል። በአንደኛው ማንም አልጠፋም፤ በሁለተኛው ግማሹ ጠፋ። ወፍጮው ግን ያው ወፍጮ ነው።

በኔትወርክ ውስጥ ወፍጮው ራውተር የሚባለው መሣሪያ ነው፤ በረንዳውም ፓኬቶች የሚጠባበቁበት የማስታወሻ ቦታ ነው። ቦታው ሲሞላ የመጣችው ፓኬት ትጣላለች። ስለዚህ አመንጪው ፓኬቶቹን አራርቆ እልካለሁ ብሎ አጎራርሶ ከላካቸው፣ ራውተሩ የሚጥላቸው በራሱ ድክመት ሳይሆን በላኪው ጥፋት ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን «መስመሩ ይህን ያህል ፓኬት ጣለ» ተብሎ ነው።

የመራራቁ ነገር በሊቃውንት ዘንድ ጥንት የተጀመረ ጥናት ነው። ዴንማርካዊው ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ጽሑፍ የስልክ ጥሪዎች በምን ዓይነት የዕድል ሕግ ተራርቀው እንደሚመጡ አሳየ፤ ለብዙ ዘመንም የስልክ ቤቶች በዚሁ ሒሳብ ተሠሩ። በኋላ ግን በአሜሪካ የቤልኮር ቤተ ሙከራ ባልደረቦች ከ1989 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን ፍሰት በጥንቃቄ መዝግበው፣ የኮምፒዩተሮች ፍሰት እንደ ስልክ ጥሪ እንዳልሆነ አስረዱ። የስልክ ጥሪ በሰፊው ሲታይ እየተስተካከለ ይሄዳል፤ የኮምፒዩተር ፍሰት ግን በሰኮንድ ብታዩት ጎርፍና ድርቅ፣ በደቂቃ ብታዩትም ጎርፍና ድርቅ ነው። እንግዲህ እውነተኛውን ፍሰት የሚመስል ጭነት መሥራት የሚፈልግ ፕሮግራም፣ እያንዳንዷን ፓኬት በታዘዘላት ቅጽበት መልቀቅ ግዴታው ነው። ካልቻለ የፈተነው የታሰበውን ነገር ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ፕሮግራሙ ለምን አይችልም? ኮምፒዩተር በሰኮንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ሥራ ይሠራል እየተባለ፣ 20 ሚሊ ሰኮንድ ቆጥሮ አንዲት ፓኬት መልቀቅ እንዴት ያቅተዋል? እኛም መጀመሪያ የጠየቅነው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ ብቻውን አይኖርም። ከሥሩ የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚያከፋፍል ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባል ትልቅ ፕሮግራም አለ፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ ከነዚህ ናቸው። የኛ ፕሮግራም አንዷን ፓኬት ከላከ በኋላ «ልተኛ ነው፤ ጊዜዬ ሲደርስ ቀስቅሰኝ» ይለዋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የተኙትን ሁሉ ዘወትር ዞሮ አይመለከትም፤ በተወሰነ ምት ብቻ ብድግ ብሎ «ጊዜው ያለፈበት አለ?» ይላል። የቤተ ክርስቲያን አባቶች የቀኑን ሰዓት በእግር ጥላ ይለኩ እንደነበር አንባቢ ሰምቶ ይሆናል፤ ሰውየው ቆሞ የገዛ ጥላውን ርዝመት በእግሩ ይቆጥራል፣ እንደ ወሩም ሰዓቱን ያውቃል። ለጸሎት ሰዓት ይህ በቂ ነው፤ ነገር ግን በእግር የሚቆጠር ጥላ ስለ ደቂቃ ቢጠየቅ መልስ የለውም። ኮምፒዩተሩም ከምቱ ያነሰውን ጊዜ አይለይም።

ዊንዶውስ ሌላ ካልታዘዘ በቀር ምቱ በሰኮንድ 64 ነው፤ ይኸውም በየ15.6 ሚሊ ሰኮንዱ። አሁን ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉን። ምቶቹ በ15.6፣ በ31.2፣ በ46.8፣ በ62.4፣ በ78፣ በ93.6 ይመታሉ። በ20 መውጣት የነበረባት ፓኬት በ15.6ቱ ምት ገና ናት፤ ስለዚህ እስከ 31.2 ትጠብቃለች። የ40ዋ በ46.8 ትወጣለች፤ የ60ዋ በ62.4፤ የ80ዋ በ78ቱ ምት ለጥቂት ታመልጥና በ93.6። ክፍተቶቹን ብትቀንሱ 31.2፣ 15.6፣ 15.6፣ 31.2 ይሆናል። አንድ ሙሉ ሰኮንድ ከቆጠራችሁ ከ50ው ክፍተት 36ቱ 15.6፣ 14ቱ 31.2 ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ እንኳ 20 አይሆንም። አማካዩ ግን በትክክል 20 ነው! በአቤቱታችን ሁለተኛ አንቀጽ ላይ የጻፍነው «የመስመሩ መዛባት» እንግዲህ ይኸው ነበር፤ ከመካነ ሰላም ሳይወጣ፣ ከላፕቶፑ ሳይወጣ፣ በእርሳስ ሊደረስበት የሚችል መዛባት።

በዚህ ላይ የፕሮግራሙ አጻጻፍ የተለየ ቢሆን ኖሮ የባሰ ነገር ይመጣ ነበር። ወዳጃችን «ከመጀመሪያው ቆጥረህ በ20፣ በ40፣ በ60 ላክ» ብሎ ነው የጻፈው። «ላክና 20 ተኛ፣ ላክና 20 ተኛ» ብሎ ቢጽፈው ኖሮ እያንዳንዱ እንቅልፍ 31.2 ይሆንና በሰኮንድ 50 ፓኬት መላኩ ቀርቶ 32 ብቻ ይወጣ ነበር። የቀሩትን 18ቱን መስመሩ ጣላቸው እንል ነበርን? እንደኛ ቸኩሎ ለነበረ ሰው አይታወቅም።

የዘፈኑም ምሥጢር ከዚሁ ይመጣል። ሙዚቃ የሚያጫውት ፕሮግራም ድምፁ እንዳይደናቀፍበት ዊንዶውስን «ምትህን ወደ 1 ሚሊ ሰኮንድ አፍጥንልኝ» ይለዋል። በቀድሞዎቹ ዊንዶውሶች ይህ ትእዛዝ ለጠየቀው ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ለማሽኑ በሙሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በወጡት ግን ማይክሮሶፍት ለየፕሮግራሙ ለይቶታል። የኛ ላፕቶፕ የቀድሞው ዓይነት ስለሆነ፣ ዘፋኙ የጠየቀውን ፈጣን ምት የኛም ፕሮግራም ያለ ድካም ተካፈለው። ዘፈኑ ሲዘጋ ምቱም ወደ ልማዱ ተመለሰ። መስመሩ በነገሩ የለበትም።

ሊኑክስ የሚጠቀሙ ወንድሞቻችን «የዊንዶውስ ነገር ነው» ብለው ሊኮሩብን ይችላሉ። የቀድሞው ሊኑክስ ምቱ በሰኮንድ 100፣ ማለት በየ10 ሚሊ ሰኮንዱ ነበር። በዚያ ማሽን ላይ በሰኮንድ 1000 ፓኬት ላክ የተባለ ፕሮግራም ተኝቶ ሲነሣ ዐሥሩ ባንድ ጊዜ ጊዜያቸው አልፎ ስለሚያገኛቸው ዐሥሩንም ባንድ ላይ ይገፋቸዋል፤ ከላይ የወፍጮውን ምሳሌ በዐሥር ያደረግነው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 በሊኑክስ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የጊዜ ቆጣሪ ገባ፤ ነገሩም በብዙ ተሻሻለ። ሆኖም ዛሬም ቢሆን ሊኑክስ ለተራ ፕሮግራም እስከ 50 ማይክሮ ሰኮንድ ድረስ ማዘግየትን እንደ ነውር አይቆጥርም፤ ብዙ ተኝቾችን ባንድ ላይ ለመቀስቀስና ኃይል ለመቆጠብ ይመቸዋልና። ለንግግር ይህ ምንም አይደለም። ለፈጣን መስመር ግን ብዙ ነው፤ በሰኮንድ 10 ቢሊዮን ቢት በሚያሳልፍ ገመድ ላይ ትንሿ ፓኬት በፊቷና በኋላዋ ካለው የግዴታ ክፍተት ጋራ 84 ባይት ናት፤ ይህን ለማሳለፍ 67.2 ናኖ ሰኮንድ ይበቃል። በሰኮንድ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ማለት ነው። በዚያ ገመድ ላይ 50 ማይክሮ ሰኮንድ መዘግየት ከ740 በላይ ፓኬቶች የሚያልፉበት ጊዜ ነው።

መንቃቱ ብቻም አይበቃም። የነቃው ፕሮግራም ሥራ የሚሠራበትን አንጎል ሌላ ፕሮግራም ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ተራ መጠበቅ ነው። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲሠራ ደግሞ (የክረምትን ማታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ) ማሽኑ ኃይል ለመቆጠብ እየደጋገመ ያንቀላፋል፤ ከማንቀላፋቱ ለመነሣትም በዐሥርና በመቶ የሚቆጠር ማይክሮ ሰኮንድ ይወስድበታል። ከዚያም ፓኬቷ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ታልፋለች፣ በኔትወርክ ካርዱ ወረፋ ትሰለፋለች። ካርዱ ያለ ገመድ በዋይፋይ የሚሠራ ከሆነ አየሩ ነጻ እስኪሆን ይጠብቃል፤ ነጻ ሲሆንም ከሌሎች ጋራ እንዳይጋጭ በዕጣ የወጣለትን ትንሽ ጊዜ ጨምሮ ይቆያል። ፕሮግራሙ «ላክሁ» ባለበት ቅጽበትና ፓኬቷ በእውነት በወጣችበት ቅጽበት መካከል ይህ ሁሉ አለ።

በኛ አስተያየት ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው። ፕሮግራሙ የራሱን መዝገብ ሲጽፍ የሚጽፈው ትእዛዝ የሰጠበትን ሰዓት ነው። ደብዳቤ ተሰጥቶት «በሦስት ሰዓት ሰጥቻለሁ» የሚል መልእክተኛ፣ በእውነት በሦስት ሰዓት የሰጠው ለጎረቤቱ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ መቼ እንዳደረሰው እሱ አያውቅም፣ ግን አልዋሸም። የናፖሊው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ቦታ፣ ዳይኖቲና ፔስካፔ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጽሑፍ አርእስቱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ አንባቢውን የፍሰት አመንጪህን ታምነዋለህን? ይለዋል። የታወቁ አመንጪዎችን ወስደው የታዘዙትንና በእውነት የሠሩትን አስተያዩ፤ ሁለቱም እንደማይገጥሙ አሳዩ። ከተመረመሩት አንዱ የገዛ እጃቸው ሥራ ነበር፤ ይህን በማድረጋቸው አክብረናቸዋል።

መድኃኒት የለውም ማለት ግን አይደለም። አንደኛው መንገድ አለመተኛት ነው። ካህን ለሌሊት ጸሎት «ቀስቅሱኝ» ብሎ ከመተኛት ውጭ ቆሞ ኮከብ እያየ ሊጠብቅ እንደሚችል ሁሉ፣ ፕሮግራሙም ሳይተኛ የማሽኑን ሰዓት ደጋግሞ እያየ «ደረሰ? ደረሰ?» ሊል ይችላል። ይህ በእጅጉ ይሻላል፤ ማሽኑ ግን ይግላል፣ ባትሪውም ያልቃል፣ ሌላ ሥራም ይደናቀፋል።

ሁለተኛው መንገድ ለኛ ለገበሬ ልጆች እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። በጀርመን በሙኒክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታወጀው ሙንጄን የሚባል አመንጪ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወጥቶ የኔትወርክ ካርዱን በቀጥታ ያዝዛል። ካርዱ የተሰጠውን ፓኬት ሁሉ ያለ ዕረፍት እያከታተለ በገመዱ ላይ የማፍሰስ ችሎታ አለው፤ የማይችለው መጠበቅ ነው። ስለዚህ የሙንጄን ሠሪዎች «መጠበቅ ካቃተህ ክፍተቱን በገለባ እንሙላልህ» አሉት። በሁለቱ እውነተኛ ፓኬቶች መካከል በሚፈለገው ክፍተት ልክ ሆን ተብሎ የተበላሸ ፓኬት ይሰድዳሉ፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ ስሕተት ስለሆነ የሚቀበለው መሣሪያ ሳያነበው ይጥለዋል። ገመዱ ለአፍታ ባዶ አይሆንም፤ ተቀባዩ ግን ገለባውን አበጥሮ ፍሬውን በትክክል በታዘዘው ርቀት ያገኘዋል። በ10 ቢሊዮን ቢት ገመድ ላይ አንድ ባይት 0.8 ናኖ ሰኮንድ ስለሆነ፣ ገለባውን በአንድ ባይት ማስረዘምና ማሳጠር ክፍተቱን በዚያው ልክ ማስተካከል ነው። ተራ ካርድ በተንኮል ሲሠራ እንዲህ ያለ ነገር መሆኑ አስደነቀን።

አመንጪው ምንም ቢሻሻል ግን ምስክሩ ሌላ መሆን አለበት። በኒው ዚላንድ በዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ዳግ የሚባሉ የመመዝገቢያ ካርዶች የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ ካርዱ ራሱ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሳይጠይቅ፣ ፓኬቷ በገመዱ ላይ በደረሰችበት ቅጽበት ሰዓት ይጽፍባታል። እንዲህ ያለ ካርድ ለኛ ቅንጦት ነው። ለተራ ተማሪ የሚሆነው ምስክር አንድ አጭር ገመድ ነው። ሁለቱን ላፕቶፖች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ በመካከላቸው ምንም መስመር ሳይኖር በአንድ ገመድ አገናኝቶ ያንኑ ፈተና መፈተን። በገመዱ ላይ የታየው መዛባት ሁሉ የማሽኖቹ የራሳቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ በመስመሩ ላይ የሚታየው ትርፍ ብቻ የመስመሩ ነው። ከዘፈኑ ማታ በኋላ እንዲህ አደረግን። በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት ክንድ ገመድ፣ 31፣ 16፣ 15፣ 31 መጣ።

ወዳጃችንም ፕሮግራሙን አሻሻለው። እያንዳንዷ ፓኬት ስትላክ የተላከችበት ሰዓት እንዲጻፍባት አደረገ፤ ተቀባዩ ያንን ስለሚቀንስ የላኪው አርፍዶ መነሣት ከሒሳቡ ይወጣል። አይፐርፍም መዛባትን የሚቆጥረው በዚህ ዓይነት ነው። ነገር ግን ሰዓቱ ከተጻፈ በኋላ በማሽኑ ውስጥ የሚደርሰው መዘግየት አሁንም በመስመሩ ላይ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ገመዱ አልቀረም። (ሰዓቱ ሲጻፍ የተቆጠረበትን ስናይ አንድ ነገር አስገረመን፤ አብዛኛው ኮምፒዩተር ሰኮንዶቹን የሚቆጥረው ከአንድ ቀን ጀምሮ ነው፤ ያ ቀን በኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።)

አሁን ወደ አቤቱታው እንመለስ፤ ክርክር ያስነሣው እሱ ነውና። ከመካከላችን ሁለቱ «ቁጥሩ ይቆይ» አሉ። «መስመሩ መቆራረጡ ሐሰት አይደለም፤ እናቶቻችን በጆሮአቸው የሚሰሙት ነው። ቁጥሩ የመስመሩ ባይሆንም ለእውነተኛ ጉዳይ ቆሟል፤ የሚያነበው ሹም እንደሆነ ሚሊ ሰኮንድ አያውቅም» አሉ። ይህን ያሉት ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ እናታቸው ያለቀሰችባቸው ልጆች ናቸው። የቀረነው ተቃወምን። ሹሙ ባያውቅ ከሥሩ የሚያውቅ ቴክኒሺያን አለ፤ ያ ሰው አጭር ገመድ ይዞ ፈተናችንን ቢደግመው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቁጥራችንን ያፈርሰዋል፤ ከቁጥሩም ጋራ የእናቶቻችን ቃል ይፈርሳል። ከዚያ ወዲያ ከቦረና የሚመጣ ማናቸውም አቤቱታ «እነዚያ በዘፈን የሚለኩት ልጆች» ተብሎ ይነበባል። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ፤ በመጨረሻ ሁለተኛው አንቀጽ ተሠረዘ። በቦታው የገባው የጥሪዎች ዝርዝር ነው፤ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ «ድገሚልኝ» እንደተባለ፣ እናቶቹ እንደነገሩን። እንዲሁ ሄደ።

በተሻሻለው ፕሮግራም መስመሩን ራሱን መለካት የቻልነው ሁለት ማታ ብቻ ነው፤ በሦስተኛው መብራት ጠፋ፣ በአራተኛው ወደ ትምህርታችን የሚመልሰን መኪና ተገኘ። በሁለት ማታ ስለ አንድ መስመር መፍረድ አይቻልምና ያገኘነውን እዚህ አንጽፍም። በመጪው ክረምት ከሐምሌ ጀምሮ በየማታው ለመለካት አስበናል፤ በየማታውም ከመስመሩ በፊት ገመዱ ይለካል። ለዚህ ሥራ አጭር የኔትወርክ ገመድ የሚያውሰን ተማሪ ካለ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይንገርልን። የኛን መካነ ሰላም ላይ አይጥ በልቶታል።